ጅብራው እስኪያብብ

ጡረታ የወጣሁት በሐምሌ ነው። ደብረ ታቦር ባለው መሥሪያ ቤታችን ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ክሊራንስ አስፈረምኩ። ንብረት ክፍሉ ካፖርቴንና ቦት ጫማዬን ተረከበኝ፤ መዝገብ ቤቱ ፋይሎቼን ቆጠረ፤ ቤተ መጻሕፍት በሌለው መሥሪያ ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለና ሰውየውን ስፈልግ ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ «ከማንኛውም ዕዳና ንብረት ነፃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። አጣጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩትና በሩ ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ ሳቄ መጣ። ወረቀቱ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል። ፈራሚው ማኅተም የላቸውም፤ መጻፍም አይችሉም። ጉና ተራራ ላይ የጓሳ ሣር ሲጠብቁ የኖሩ፣ አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከእርሳቸው አንድ ቃል ስጠብቅ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ስሙ ሲሰሙት ያምራል፤ ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ከነፋስ መውጫ ወዲያ ተመድቤ ሦስት ዓመት ሙሉ እርከን ሳሠራ ኖርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር። የጻፍነውን ሁሉ በእርሳስ እያረመ ይመልስልን ስለነበር፣ አማርኛ መጻፍ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሱ ነው ማለት እችላለሁ። ደመወዜ ወር አታደርሰኝም ነበር፤ ማንንስ ታደርስ ነበር። በአራተኛው ዓመት ወደ ገሳይ ተዛወርኩ። ከመኪናው መንገድ ዳር ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ ቀና ሲሉ የሚታየው ጉና ነው።

በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች የጉናን አናት ወፎች በየወሩ የሚመዘግብላቸው ሰው ፈለጉ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ብርዱን የሚደፍር ስለጠፋ ሥራው በአዲሱ ሰው፣ በእኔ ላይ ተጣለ። ከሁሉ አስበልጠው የፈለጓት አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ምንቃሯ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ ወንዱ ጅራቱ ላይ ሁለት ረጃጅም ላባ አለው፤ ጥላ ውስጥ ሲያዩት ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ወይን ጠጅም አረንጓዴም ይሆናል። የምትኖረው የአበባ ማር እየቀሰመች ነው። እኛ በቀላሉ አበባ ቀሳሚ እንላታለን። በመጽሐፍ ግን በተከዜ ወንዝ ስም ነው የምትጠራው፤ ይህን ስሰማ የዘመዴ ስም የተጠራ ያህል ኮራሁ።

መጀመሪያ ቀን ወደ ተራራው የወጣሁት በከተማ ጫማ ነው። ብርዱ ጆሮዬን ይቆርጠኝ ነበር። ሜዳው መሐል ቆሜ አቅርቦ ማያ መነጽሬን ወዲያና ወዲህ ሳዞር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ? ቁጭ በል እንጅ!»

ዞር ስል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ቀጭን ሰው ጓሳው ውስጥ ተቀምጠዋል። በአጠገባቸው ሳላያቸው አልፌ ነበር።

«እንደምን አደሩ? ወፍ ልቆጥር ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ወፏስ አንተን አትቆጥርም? አንድ ሰው መጣ ብላ ቆጥራህ ሄደች።»

ተቀመጥኩ። ሣሩ እርጥብ ነበር፤ ሱሪዬም ወዲያው ራሰ። አያ ፈንታን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው።

ጅብራ ማለት ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ቅጠሉን አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ለብቻው የሚቆም የደጋ ተክል ነው። ሥራ ፈትቶ የቆመን ሰው «እንደ ጅብራ ተገትሮ» የምንለው በእሱ ነው። ግን ስሙ ጠፋ እንጂ ሥራ ፈት አይደለም። ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንድ ጊዜ ከመሐሉ ረጅም ዘንግ ያወጣል፤ ዘንጉ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያብባል፤ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። አበባ ቀሳሚዋ ያንን አበባ ካገኘች ሌላ አትፈልግም።

ጓሳው ደግሞ የቤት ክዳንና ገመድ የሚሆነው ሣር ነው። የአካባቢው ሰው ተስማምቶ ይዘጋዋል። ለዓመታት ማጭድ አይገባበትም፤ ከብት አይለቀቅበትም፤ ከዚያ በተቆረጠ ቀን ይከፈትና ሁሉም እኩል ያጭዳል። እስከዚያ የሚጠብቀውን ሰው የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ጠባቂው ደመወዝ የለውም። መከር ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ይሰፍርለታል። አያ ፈንታ አባታቸውም ጠባቂ ነበሩ።

ከእርሳቸው ጋር አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሠራሁ። በኮሌጅ ያልተማርኩትን ሁሉ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን ግን «ላስተምርህ» ብለውኝ አያውቁም። ወደሚፈልጉት ነገር ቀጥ ብለው አይሄዱም። ወደ አንድ ጅብራ ለመድረስ ዙሪያውን ይዞሩና፣ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ይቀመጡና፣ ነገሩ ራሱ ወደ እርሳቸው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በጣታቸው አይጠቁሙም፤ አገጫቸውን ነው የሚያነሡት። ጠዋት ከመቀመጣቸው በፊት መዳፋቸውን መሬቱ ላይ ያሳርፉና «ዛሬ ውርጭ አድሯል» ወይም «ዛሬ ትመጣለች» ይላሉ። አይሳሳቱም ማለት አልችልም። ሲሳሳቱ «ሐሳቧን ቀየረች» ብለው በወፏ ያሳብባሉ።

አቆጣጠራቸው በገብስ ቆሎ ነበር። የተቆላ ገብስ በቀኝ ኪሳቸው ይይዛሉ። አንድ ወፍ ባዩ ቁጥር አንድ ፍሬ አውጥተው በግራ መዳፋቸው ያኖራሉ። ወፏ በረረች፣ ተመለሰች፣ ያቺው ናት ሌላ ናት እያሉ አይጨነቁም፤ ፊቷን ያውቁታል። እኔ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩና እየሰረዝኩ ግራ ስጋባ እርሳቸው መዳፋቸውን ይዘረጉልኛል። እቆጥርና እጽፋለሁ። ከዚያ ቆሎውን አፋቸው ውስጥ ጣል ያደርጉታል።

አንድ ቀን ረስቼ ሳልጽፍ ቀረሁና «አያ ፈንታ፣ ስንት ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በላኋቸው» አሉ።

«እንዴ፣ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ቁጥር ከተነገረ በኋላ ምን ይሠራል? ሲነገርህ አትሰማም።»

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማየው ወንዱን ብቻ ነበር። ሴቷ አመድማ ናት፤ ሣሩ ውስጥ ትጠፋለች። እርሳቸው ሴቷን የሚቆጥሩት በድምጿ ነው፤ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የምትል ጩኸት አላት። «ሴቷን ዘለልካት» ይሉኝና አንድ ፍሬ ይጨምራሉ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሰዎች አንዴ፣ በሌላ ክፍለ ዓለም ተራራ ላይ እንደኛዋ ማር የምትቀስም ወፍ እንዳለች፣ እሷ ግን ሳትቀመጥ አየር ላይ እንደ ንብ ቆማ እንደምትጠጣ አጫወቱን። አያ ፈንታ እስኪጨርሱ አዳመጡና «የኛዋ ቁጭ ብላ ነው የምትበላ። ቁጭ ሳይል የሚበላ ወፍም ሰውም አላምንም» አሉ። እንግዶቹ ቆመው ዳቦ ይበሉ ነበርና ሁሉም ሳቁ።

አንድ ነገር ደግሞ እስክሞት አልረሳም። የኅዳር ውርጭ ያደረበት ጠዋት ነበር፤ ጓሳው ነጭ ሆኗል። አንድ ጅብራ ሥር ወንዱ ወድቆ አገኘነው። ዓይኑ ተከድኗል፤ እንደ እንጨት ደርቋል። እኔ ደብተሬን አውጥቼ «አንድ የሞተ» ብዬ ልጽፍ ስል አያ ፈንታ እጄን ያዙኝ። ወፉን አንሥተው በሁለት መዳፋቸው ከደኑትና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ፀሐይ እስክትወጣ ተቀመጥን። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው መዳፋቸውን ከፈቱ። ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ፤ ፀሐይዋ ላባው ላይ አረፈችና ያ ወይን ጠጅ መልክ ተመለሰ። ከዚያ በረረ።

«ለመጻፍ አትቸኩል» አሉኝ።

ምክሩን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው።

ባለቤቴ ደብረ ታቦር አስተማሪ ነበረች። ሁለት ልጆች አሉን፤ አባታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ እንግዳ ነበር። ዝውውር ጠይቄ ጠይቄ ሰለቸኝ። በዚህ መሐል አዲስ አለቃ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር ይወዳል እንጂ። ክረምት ሲገባ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ታወጀና ለእኛም የሚተከለው ብዛት ተነገረን። ቆላ ቆላው በሙሉ ተይዟል። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። «ባዶ መሬት የት አለ?» አለ አለቃው። ጉና ትከሻ ላይ ካርታው ነጭ ነው። ጣቴን እዚያ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ባዶ እንዳልሆነም፣ ከዚያ በላይ ዛፍ እንደማይጸድቅም ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

አያ ፈንታ ሲሰሙ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም። እርሳቸው ቆመው ሲያወሩ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እዚያ ዛፍ አይበቅልም። ቢበቅልማ ኖሮ እግዜር ይተክለው አልነበረም? አንተ ታውቃለህ አይዶለም?»

«መመሪያ ነው፣ አያ።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው ጉናን አያውቀው ይሆናል። አንተ ግን ታውቀዋለህ።»

መልስ ስላልነበረኝ ተቆጣሁ። ሰው መልስ ሲያጣ የሚቆጣው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እርሳቸውም ወጥተው ሕዝቡን አናግረው ኖሮ፣ በቁፋሮው ቀን ግማሹ ሰው ቀረ። አለቃው ምክንያቱን በጽሑፍ ጠየቀኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «የሣሩ ጠባቂ ለልማቱ እንቅፋት ሆነዋል።» ያ ደጉ አለቃዬ በእርሳስ የሚያርምልኝ ቢኖር ያንን ይሰርዘው ነበር። በሳምንቱ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ አያ ፈንታን አነሣና ሌላ ሰው ሾመ። ጓሳው ተቆፈረ። ጅብራውም ያበበው ካላበበው ሳይለይ ተጨፈጨፈና ለችግኝ አጥር ሆነ። የመጨረሻው ቀን አያ ፈንታ መጥተው፣ ደርቆ የወደቀ አንድ የጅብራ ዘንግ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ማንንም ሳያናግሩ ወረዱ። ለማገዶ የወሰዱት መስሎኝ ነበር።

በመስከረም የጸደቀውን ችግኝ ቆጠርን። በመስከረም ያልጸደቀ ነገር የት አለ! ዝናቡ ገና እንዳባራ የሚቆጠር ችግኝ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው፤ እኛ ግን ቆጥረን፣ ጽፈን፣ ተጨበጨበልን። ለእኔ የምስክር ወረቀትም ዝውውርም መጣልኝ። ደብረ ታቦር ገባሁ። ልጆቼ ደስ አላቸው።

ኅዳር ውርጩ መጣ። በታኅሣሥ ለሪፖርት ፎቶ እንዳነሣ ተላክሁና ወጣሁ። ችግኙ በሙሉ እሳት እንደነካው ቡኒ ሆኗል። የተቆፈረው አፈር ተገልጦ ነፋስ ያነሣዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ። እንደ ልማዴ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ከአያ ፈንታ የተማርኩት ስለሆነ ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበር። ፀሐይ ወጣች። ጠበቅኩ። እኩለ ቀን ሆነ። አንዲት ወፍ አልመጣችም። ያን ቀን ቆሎዬን እንዳለ ይዤ ተመለስኩ።

ገሳይ ሻይ ልጠጣ ስገባ ባለ ሻይ ቤቱ ሳልጠይቀው ወሬውን ነገረኝ። አያ ፈንታ ጥበቃው ሲቀርባቸው ገብሱም ቀረ። አንዲት ልጃቸው፣ የሺ፣ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቤቱን ልትደግፍ አረብ አገር ሄደች። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ጉናን አላየሁም። በሚኒባስ ወደ ነፋስ መውጫ ስሄድ እንኳ ተራራው በማይታይበት በኩል እቀመጥ ነበር። በሱባኤ ጣራ ገዳም ሄጄ ለአንድ አባት ተናዘዝኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርታውን፣ ደብዳቤውን፣ ልጅቷን። ጸልየው ያሰናብቱኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«የበደልኸው ሰው በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባቴ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?»

ከዚያ እንደ ተመለስኩ ሁለት ነገር አደረግሁ። መጀመሪያ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩና ሐሰት እንደሆነ። ሕዝቡም ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያ ፈንታን ወደ ጥበቃው መለሳቸው። ቀጥዬ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ያወርዳል። ገሳይ ወንዝ ዳር መጀመሪያ ያነሣሁት ትንሽ ነበር፤ አፈርኩና ከፍ ያለውን ወሰድኩ። ደጃፋቸው ስደርስ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።

አያ ፈንታ ከቤት ወጡ። ደብዳቤውን ሰምተዋል። ቆመው አዩኝ።

«ከየት ነው ያነሣኸው?»

«ከወንዙ።»

«ጉና ላይ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። «አያ ፈንታ፣ በድዬዎታለሁ። እርስዎንም ልጅዎንም። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ አጎንብሼ።

«ተከተለኝ» ብለው ወደ ዳገቱ ሄዱ።

አውርድ አላሉኝም። አንድ ሰዓት ያህል ከኋላቸው ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ዞር ብለው አይተው እስክነሣ ጠበቁኝ። ያ የተቆፈረው ሜዳ ስንደርስ «እዚህ አውርድ» አሉ። አወረድኩ። «ተቀመጥበት» አሉ። ተቀመጥኩ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ትንሽ ቅል አወጡ። ውስጡ አቧራ የመሰለ ነገር አለ። ያን ቀን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከወሰዱት ዘንግ ያራገፉት የጅብራ ዘር ነበር።

«ይኼን እንዘራለን» አሉኝ። «ሲያብብ ያን ጊዜ መጥተህ ጠይቀኝ።»

ለጅብራ ዘር መቆፈር አያስፈልግም፤ ጥልቅ ከገባ ይቀራል። ከአመድ ጋር ቀላቅለን፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ላዩን እንደ ጨው በተንነው። ችግኞቻችን በሞቱባቸው ጉድጓዶች ጠርዝ ላይ ውርጭ ስለማይበረታ እዚያ እዚያ ጨመርን። ዙሪያውን ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብን። የኔን ድንጋይ ግን «እሱን ተወው» አሉኝ።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እወጣለሁ። ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ የምቆጥረው ወፍ ሳይሆን ሳንቲም የምታህል ቅጠል ነበር። ቀጥሎ ጓሳው ተመለሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ጅብራ ግን ከእንቁላልም ይዘገያል። በሰባተኛው ዓመት ትዕግሥቴ አለቀና «አያ፣ አሁንስ?» አልኳቸው።

«አብቧል?»

«አላበበም።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። እነዚያን ዓመታት ደብረ ታቦር ቁጭ ብዬ በስልክ እጠይቅ ነበር። አለቆች ተቀያየሩ። አንዱ ጎበዝ ነበር፤ ዛፍ ከሚጸድቅበት ከፍታ በላይ ችግኝ እንዳይተከል ስጽፍ ሳያስተካክል ፈረመልኝ፤ በሥራ ዘመኔ ከሰጡኝ የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ያ ፊርማ ይበልጥብኛል። ለወጣት ባለሙያዎችም ሥልጠና ስሰጥ መጀመሪያ የምነግራቸው የራሴን ጥፋት ነው። አንዳንዶቹ ለማበረታታት የፈጠርኩት ይመስላቸዋል።

የሺ ከአረብ አገር ተመልሳ ገሳይ ሱቅ ከፈተች። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታዬን አትመልስም ነበር። አንድ ጊዜ አባቷ ቤት ተቀምጬ ስታየኝ «አባባ ስላስቀመጡዎት ነው እንጅ እኔ አላስቀምጥዎትም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚያ ያሳለፈችውን አልነገረችኝም፤ እኔም የመጠየቅ መብት የለኝም። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ዝናብ አግኝቶኝ ሱቋ ደጃፍ ስቆም በርጩማ አወጣችልኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጋሼ ትለኛለች።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት።

«ጋሼ፣ ሰው ከላይ ወርዶ ነገረን። ያንተ ድንጋይ ያለበት ቦታ ጅብራው ዘንግ አውጥቶ አብቧል አሉ።» ደንግጣ አንቱታውን ረስታዋለች። «አባባ ካልወጣሁ ብለዋል። በቅሎ ለምነናል። ነገ ይምጡ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዳገቱን ወጣን። የሺ በቅሎዋን ትስባለች፤ እኔ አያ ፈንታን በጎን ደግፌያለሁ። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗል። ቦታው ስንደርስ ሳይነገራቸው አወቁ፤ መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አሳረፉ።

«ዛሬ ትመጣለች» አሉ።

ድንጋዩ ላይ ላስቀምጣቸው ስል «እሱ ያንተ ነው» ብለው ጓሳው ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊታችን ብዙ ጅብራ ቆሟል፤ አራቱ ረጅም ዘንግ አውጥተው ከታች ወደ ላይ እያበቡ ነው። አያ ፈንታ ግራ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ገባኝ። ከኪሴ ቆሎ አወጣሁ።

ፀሐይ የዘንጉን ጫፍ ስትነካ የመጀመሪያው ወንድ መጣና ዘንጉን በእግሩ ጨብጦ ተቀመጠ፤ ቁጭ ብሎ ምንቃሩን አበባው ውስጥ ከተተ። አንድ ፍሬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛ። አንዷ ፍሬ ሣሩ ውስጥ ወድቃ ፈልጌ መለስኳት። ዘጠኝ ላይ ስደርስ አቆምኩ። እርሳቸው በአውራ ጣታቸው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሴቷን ዘለልካት። ከኋላህ ናት።»

ዞርኩ። አመድማዋ ወፍ ካቡ ላይ ተቀምጣ ትጮሃለች። አሥረኛውን ፍሬ ጨመርኩ። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ ሌላ ወገን ዞረች።

ከድንጋዩ ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ። አሥራ አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። «አያ ፈንታ፣ አብቧል» ብቻ አልኩ። «አሁን ልጠይቅዎት?»

መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እንካ፣ አንተ ብላው። እኔ ጥርስ የለኝም።»

ቆሎውን ተቀበልኩ።

«ይቅር ያልኩህማ ያን ቀን ነው» አሉ። «ገና ዳገቱ ላይ ስትወድቅና ድንጋዩን መልሰህ ስታነሣ።»

«ታዲያ ምነው ይህን ሁሉ ዓመት ሳይነግሩኝ?»

ፊታቸውን ድምፄ ወዳለበት አዞሩ።

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ድንጋዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና አሥሩንም ፍሬ አንድ በአንድ በላኋቸው።